የመሸኘት ተራው የማን ነው

ቅዳሜ ትመጣለች። ይህን ብቻ ጽፌ ብዕሬን ባስቀምጥ ደስ ባለኝ፤ ለኔ ከዚህ የሚበልጥ ወሬ የለም። ግን እናንተ አታውቋትም። ኦዴሳ ስማር አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ አብራኝ የኖረች የዳሬሰላም ልጅ ናት፤ በባዕድ አገር ያገኘኋት የመጀመሪያ ጓደኛዬ። ሰኔ ላይ ባቡር ጣቢያ ከተለያየን ወዲህ ድምፅዋ ጠፍቶ፣ እኔም በቃ ጠፋች ብዬ ነበር። ትናንት ደወለች።

ሰፈራችን ውስጥ ስልክ ያለው ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ሱቅ ያላቸው ጋሼ ዘንድ ነው። ጋሼ ሰው በስልክ ሲፈለግ ከሱቃቸው ንቅንቅ አይሉም፤ ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብለው ይጣራሉ፣ ድምፃቸው አጥር ዘሎ ግቢያችን ይገባል። ለእረፍት ከመጣሁ ጀምሮ ስሜን ትተው «የሩሲያዋ» ነው የሚሉኝ። ትናንት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ስትል ፀጉሬን እየታጠብኩ ነበር። «አንቺ የሩሲያዋ፣ ስልክ፣ የሩቅ ነው፣ ሩጪ» ሲሉ ሰማሁ። አረፋው ራሴ ላይ እንዳለ ሮጥኩ።

መስመሩ እንደ ባሕር ሽው ይላል። ከሽውታው ውስጥ የሷ ድምፅ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይሄዳል። የሁለታችንም የጋራ ቋንቋ ያው በአንድ ዓመት የለቃቀምነው ሩሲያኛ ስለሆነ በሱ ጮህኩ። ሳሙና ሊገዙ የመጡ አንዲት እትዬ፣ ይቺ ልጅ ከማን ጋር ነው የምትጣላው ብለው ጋሼን ሲጠይቁ ይሰማኛል። አትጣላም፣ ቋንቋው ነው እንዲህ የሚያደርጋት አሏቸው ጋሼ።

ያለችኝ ይህን ነው። ወደ ትምህርቷ ስትመለስ አውሮፕላኑ አዲስ አበባ ያድራል። ለተሳፋሪዎቹ እስከ ማግስቱ ከተማ የሚያስገባ ፈቃድ ይሰጣቸዋል። ቅዳሜ ቀትር ላይ ትደርሳለች፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ትሄዳለች። ከዚያ መስመሩ ሊቋረጥ ሲንተፋተፍ፣ «የምመጣው ተራዬን ልወጣ ነው» አለች። ተቋረጠ።

ከሱቁ ወጥቼ ወዴት እንደሄድኩ በደንብ አላስታውስም። እግሬ ዳገቱን ይዞ ወደ ፒያሳ ወሰደኝ መሰለኝ። አስፋልቱ እርጥብ ነበር፤ ሰማዩ መሬት ላይ የተነጠፈ ይመስል የምረግጠው ደመና ነው። ከኬክ ቤቱ የሚወጣው የቫኒላ ሽታ፣ የመኪናው ጥሩምባ፣ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ፣ ከሩቅ፣ እንደ ሕልም ነው የሚደርሰኝ። ከጥጉ ትራም ብቅ ቢል አይገርመኝም ነበር። ኬክ ቤቱ በር ላይ የቆመ አንድ ያራዳ ልጅ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «እህቴ፣ በረዶው የጣለው አንቺ ላይ ብቻ ነው እንዴ?» አለኝ። እጄን ራሴ ላይ ሳደርግ የሳሙናው አረፋ። ሳቅኩ፤ እሱም ሳቀ። ሳያውቅ ልክ ነበር፤ እኔ በዚያ ሰዓት በረዶ ውስጥ ነበርኩ።

እንግዲህ ተራ ያለችው ምን እንደሆነ እንድትረዱ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

እኛ ቤት እንግዳ በር ላይ አይሰናበትም። እንግዳው ተነስቶ ሁሉን ስሞ ሲጨርስ እማዬ ነጠላዋን ታጣፋለች። እሱ ተመለሱ በቃ ይላል፣ እሷ እስከ ድልድዩ ብቻ ትላለች። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ እስከ ዳገቱ ትላለች። ቤት ውስጥ ሲያወሩ የዋሉት ስለ ጤናና ስለ ስኳር መወደድ ነው፤ እንግዳው የመጣበት እውነተኛ ጉዳይ የሚጀመረው ከበር ሲወጡ ነው። ልጅ ሆኜ የእማዬን ቀሚስ ይዤ እከተል ስለነበር፣ የማን ትዳር እንደታመመ፣ ማን ሥራ እንዳጣ፣ ማን ማንን እንደወደደ የሰማሁት ሁሉ መንገድ ላይ ነው። ሰዓት እላፊው በጠበቀበት ጊዜ እንኳ እማዬ ሽኝቱን አልተወችም፤ አስቀደመችው እንጂ። እንግዳው ሁለተኛ ሻዩን ሳይጨርስ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ናት። ዘመዶቻችን እየሳቁ፣ እሷ ቤት ሽኝቱ ከእንግዳው ቀድሞ ይነሳል ይሉ ነበር።

እኔና አብሮ አደጌ ደግሞ ነገሩን ጨዋታ አደረግነው። የሷ ቤት ከአትክልት ተራ ጀርባ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ እኔ እሷን እስከ በሯ እሸኛለሁ። እሷ ብቻሽን አትመለሺም ብላ እኔን እስከ በሬ ትሸኛለች። ታዲያ እኔስ እሷን ብቻዋን እሰዳለሁ? እንዲህ ስንመላለስ ጎመን የተሸከሙት ወዛደሮች በመካከላችን እያቋረጡ፣ እናንተ ልጆች ዛሬ የት ልታድሩ ነው ይሉናል። ሲመሽ አንዳችን መቅረት ግድ ነው። ሳትሸኝ የቀረችው በማግስቱ ተራው የሷ ነው። ተራ ያለባት ልጅ ደግሞ አትጠፋም። ጠዋት በራችሁ ላይ ታገኟታላችሁ።

ይህን ይዤ ነው ኦዴሳ የሄድኩት። ከሻንጣዬ ውስጥ ካለው በርበሬ ይልቅ የከበደኝ ይሄ ነው።

ማደሪያችን ከባሕሩ ራቅ ብሎ፣ ከትራም መንገዱ አጠገብ ያለ ረጅም ሕንፃ ነው። ከምድር ቤቱ በር አጠገብ ሹራብ የምትሠራ ጠባቂ ሴትዮ አለች። ፎቃችን ላይ ያለው ወጥ ቤት የሁሉም ነው፤ የቬትናም ልጆች ጨው የጠገበ ዓሣ ሲጠብሱ የየመን ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው ይሸሻሉ፤ እኛ ሽሮ ስናንተከትክ ደግሞ ቬትናሞቹ ቀስ ብለው ክዳኑን ከፍተው ያያሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዱ ክፍል ሌላውን ይጋብዛል። ወጉ ቀላል ነው፤ ብርጭቆ ስለማይበቃ ሁሉም የራሱን ብርጭቆ ይዞ ይመጣል፣ የራሱን ይዞ ይሄዳል። ኮሪደሩ ላይ ብርጭቆ ይዞ የሚሄድ ሰው ካያችሁ የሆነ ቦታ ጭፈራ አለ ማለት ነው።

መጀመሪያ የጠሩኝ ከግቢው ማዶ ካለው ሕንፃ የኩባ ልጆች ናቸው። ቴፑ እስኪያለቅስ ጨፈርን። አንዷ ፀጉሬን ሹሩባ ሥሪኝ አለችና ሠራሁላት። ልሄድ ስነሳ ሁሉም አቅፈው ሳሙኝ፣ ሹሩባ የሠራሁላት ልጅ እስከ በሩ መጣች፣ በሩን ከፈተችልኝ፣ ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ቀጭ አለ።

ካፖርቷን ልትለብስ ነው ብዬ ቆምኩ። ብርጭቆዬን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ውስጥ ሙዚቃው እንደገና ጀመረ። ምናልባት ሌላዋን እየጠራቻት ይሆናል ብዬ ቀስ ብዬ፣ በጣም ቀስ ብዬ፣ እንድትደርስብኝ ደረጃውን ወረድኩ። በየታጠፊያው ዞር እላለሁ። ማንም የለም። ግቢውን ብቻዬን ተሻገርኩ። ፋራ አትበሉኝ፤ እኛ ሰፈር እንግዳ እንዲያ ወጥቶ ብቻውን የሚሄደው የተጣላ እንደሆነ ነው። ምን አጠፋሁ ብዬ ሳስብ አደርኩ። ሹሩባውን አጥብቄባት ይሆን?

ከዚያ በኋላ ሲጠሩኝ አልሄድም አልኩ። የምቀመጠው ክፍላችን ውስጥ ነው። ችግሩ የዳሬሰላሟ ልጅ ደግሞ ሰው ትወዳለች። ረጅም ናት፣ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አድርጋ ነው የምትተኛው፣ ቀልድ ሲነገራት መጀመሪያ ዝም ትልና ሁሉም ከረሳው በኋላ ብቻዋን ትስቃለች። ዝንጅብልና ሄል የገባበት ሻይ ታፈላለች፤ ሽታው ደረጃው ድረስ ወርዶ እንግዳ ይዞ ይመጣል። እንግዶቿ ሲነሱ እሷም እንደሌሎቹ በሩን ከፍታ ቻው ትላለች። ይሄ ግን የኔም ክፍል ነው። የኔም እንግዶች ናቸው። እንዴት ዝም ብዬ ላያቸው? ካፖርቴን ለበስኩና አብሬያቸው ወጣሁ።

የኩባ ልጆቹ ዞር ብለው አዩኝ። አንዷ የረሳችው ዕቃ ያመጣሁላት መስሏት ኪሷን ፈተሸች። ቋንቋው ገና አፌ ላይ ስላልተፈታ ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። ሕንፃቸው በር ድረስ አደረስኳቸውና ተመለስኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ። በሚቀጥለውም። እየሠራሁ ያለሁት የጨዋ ሥራ ነው፤ እማዬ ብታየኝ ትኮራ ነበር።

ጉዳዩ የገባኝ ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው። ስገባ ወሬ ይቆማል። ቬትናሞቹ ዓሣቸውን አፍጥጠው ያያሉ። ቅዳሜ የሚመጣው እንግዳም እያነሰ ሄደ። በመጨረሻ ሻዩ እየሸተተ ማንም ያልመጣበት ቅዳሜ መጣ። የዳሬሰላሟ ልጅ ማንቆርቆሪያውን አወረደችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጪ» አለችኝ። «ለማን ነው የምታወሪው?»

«ስለ ምን?»

«ስለ እኛ። እንግዶቼ ሲወጡ ከኋላ ከኋላቸው ትሄጃለሽ። አትናገሪም፣ እስከ በራቸው ታዪያቸዋለሽ፣ ትመለሻለሽ። ማን የት እንደሚገባ ትሰልያለሽ እያሉ ነው።»

በኛም አገር በዚያም አገር ሰው ከኋላ ሲከተል ደስ የማይልበት ጊዜ ነው። እኔ ሰላይ። ከሁሉ የባሰው እሷም እንደዚያ ሳታስብ አትቀርም የሚለው ነው። ያን ዕለት እሷን ባጣ በዚያ ሕንፃ ውስጥ የሚቀርልኝ ሰው አልነበረም፤ ይህን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ለመሸኘት በሩሲያኛ ምን እንደሚባል ገና አልተማርንም። ስለዚህ ብርጭቆዎቻችንን አነሳሁ። የሷን ጠረጴዛው አንድ ጫፍ ላይ፣ የኔን ሌላው ጫፍ ላይ አደረግሁ። ይሄ ቤትሽ ነው፣ ይሄ ቤቴ ነው አልኳት። የሷን ብርጭቆ ወደኔ አመጣሁት። እንግዳ ነሽ። ከዚያ ሁለቱንም ብርጭቆዎች ጎን ለጎን እያንሸራተትኩ ወደሷ ጫፍ ወሰድኳቸው። አሁን የኔ ብርጭቆ ብቻውን ሊመለስ ነው፣ ያሳዝናል አልኳት። ስለዚህ የሷ ብርጭቆ አብሮት ይመለሳል። ከዚያ የሷ ብቻውን ቀረ። እንደገና። ጠረጴዛው ላይ ድልድዩን በማንኪያ ሠራሁ፣ አትክልት ተራን በሽንኩርት። ብርጭቆዎቹ በማንኪያው ላይ እየተሻገሩ ሲመላለሱ እሷ ዝም ብላ ታያለች። ብርጭቆዋን አጠበችና ተኛች።

መብራቱ ከጠፋ በኋላ ከአልጋዋ ሳቅ ሰማሁ።

ጠዋት ወደ ክፍል ልሄድ ስወጣ ከኋላዬ የእግር ኮቴ ይሰማኛል። የሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ፣ ያን የሱፍ ካልሲ ቡትስ ውስጥ ከታ ትከተለኛለች። ምነው አልኳት።

«እየሸኘሁሽ ነው» አለች። «ጠረጴዛው ላይ እንዲህ አልነበረም?»

በረዶ ይወርድ ነበር። እንደ ዝናብ አይጮህም፤ ሰማዩ ምንም ሳይናገር ቀስ እያለ እየረገፈ ነው። ትራም ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ብቻዋን ልመልሳት አልቻልኩም፤ ያውም በሌሊት ልብስ። መለስኳት። በሩ ጋ ስትደርስ እሷ ዞረች። ትራሙ መጥቶ ሄደ፣ ሌላው መጥቶ ሄደ። የእግራችን ምልክት በረዶው ላይ ወዲህና ወዲያ መንገድ ሠራ፤ ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ያ ነጭ መንገድ ከድልድዩ ወደ አትክልት ተራ የሚወስደው ነው፤ ጎመን የተሸከመ ሰው አሁን ያቋርጠናል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አመለጠን። ጠባቂዋ ሴትዮ ሹራቧን አስቀምጣ ወጣችና፣ ልጆች፣ ገባችሁ ነው የምለው ወይስ ወጣችሁ ብላ ጠየቀችን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የዳሬሰላሟ ልጅ እየዞረች ሁሉንም በግድ ጠራች። ሻዩ ሳይቀዳ ብርጭቆዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረችና የኔን ትርኢት ራሷ አሳየች፤ ማንኪያውንም ሽንኩርቱንም አልረሳችም። ሹሩባ የሠራሁላት የኩባ ልጅ አፏን በእጇ ያዘች። ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ቆመሽ ጠብቀሽኝ ነበር አለችኝ። አዎ አልኳት። ተነስታ አቀፈችኝ።

እዚያ በክረምት ገና ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይጨልማል። እንግዶቹ ሲነሱ ሁላችንም ብርጭቆአችንን ይዘን ወጣን። ግቢውን ተሻግረን እነሱን አደረስን፤ እነሱ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ እኛን መለሱን፤ ቬትናሞቹ በመስኮት አይተው ወረዱ፤ የመኖቹም። ከመብራቱ ሥር በረዶው ወርቅ መስሎ ይወርዳል፣ ብርጭቆዎቹ ሲነካኩ ቅጭል ቅጭል ይላሉ፣ ማን ማንን እንደሚሸኝ ማንም አያውቅም። ያወራነውንማ ተዉት። ቤት ውስጥ ያላወራነውን ሁሉ እዚያ አወራን። ማን አገሩ እንደናፈቀው፣ ማን ማንን እንደወደደ። ያው እንደ እማዬ መንገድ።

ከዚያ ወዲህ ዓመቱ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። ሰኔ ላይ የቋንቋ ትምህርት ሲያልቅ ምደባ ወጣ። እኔ እዚያው ኦዴሳ፣ እሷ ለሕክምና ትምህርት ኪዬቭ። ትልልቆቹ ተማሪዎች፣ የቋንቋ ዓመት ጓደኝነት ከበረዶው ጋር ይቀልጣል፣ ሁላችንም አይተነዋል ይሉናል። ባቡር ጣቢያ ሸኘኋት። ሻንጣዋን አስገባሁላት፣ ወረድኩ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ጎን ጎኑን እየሮጥኩ ሳለ በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ «የመጨረሻዋን የሸኘሽው አንቺ ነሽ» አለች። «ተራው የኔ ነው።»

ባቡሩ ሄደ። አገር ቤት ለእረፍት የመግባት ዕድል ደርሶኝ ስመጣ እማዬ በየቀኑ፣ ያቺ ረጅሟ ልጅስ ትለኛለች። የጋሼን ስልክ ቁጥር ብርጭቆዋ ሥር በጥፍር ቀለም ጽፌላት ነበር፤ ግን ቀለም ይለቃል። ለካስ የመጨረሻዋ ቁጥር ተፍቃ ኖሮ መጀመሪያ ሌላ ሰው ቤት ደውላ፣ በማላውቀው ቋንቋ ተሰደብኩ አለችኝ ትናንት።

ይህን ሁሉ ለእማዬ ፀጉሬን እያለቀለቀችልኝ ነገርኳት። አንድ ነገር አልዋጥላት አለ።

«እንግዳ ባለቤትን ወደ ገዛ ቤቱ ይሸኛል እንዴ?» አለችኝ።

«ተራዋ ነው እማዬ። ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ በራችን እኔን ልትሸኝ ነው የምትመጣው።»

ውኃውን ራሴ ላይ አፈሰሰችና፣ «እንግዲያው እሑድ ተራው የሁላችንም ነው» አለች።

ዛሬ ጠዋት ቀበሌ ሄዳ የውጭ አገር እንግዳ ቤታችን እንደሚያድር አስታወቀች። ብዙ ሰው ይሰበሰባል ወይ፣ ስብሰባ ነው ወይ ብለው ጠየቋት። ስብሰባ አይደለም፣ ሽኝት ነው አለቻቸው። ጸሐፊው፣ እትዬ እርስዎን እናውቅዎታለን፣ ቀድመው ነጠላ አያጣፉ እንጂ አላት አሉ። አብሮ አደጌም ከአትክልት ተራ መጥታ ለሽኝቱ የምትለብሰውን አስመርጣኝ ሄደች፤ ሸኘኋት፣ ሸኘችኝ፣ ለዚህ ነው ይህን ጽሑፍ ገና አሁን የምጨርሰው።

እንግዲህ እናንተንም ጠርቻለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ሱቅ በር ላይ እንገናኝ። ብርጭቆአችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ቤታችን ያሉት አይበቁም፣ ደግሞም ወጉ እንደዚያ ነው። ዝንጅብልና ሄሉን እሷ ታመጣለች። ከዚያ ዳገቱን ይዘን በፒያሳ አልፈን ቁልቁል ቴዎድሮስ አደባባይ ድረስ እንሸኛታለን፤ እዚያ፣ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበት ውይይት ታክሲ እናሳፍራታለን፤ ቦታ ያገኘ አብሯት እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ይሂድ። ይህ ጽሑፍ የደረሳችሁ እሷ ከሄደች በኋላ ከሆነም ግድ የለም። ያን ጊዜ ተራ ያለባት እሷ ናት፣ ተመልሳ መምጣቷ አይቀርም፤ ጋሼን ብትጠይቁ መቼ እንደሆነ ይነግሯችኋል።

አንድ ነገር ብቻ። አደባባዩ ጋ ስንደርስ ዞር ብላ በአማርኛ «ተመለሱ በቃ» ትላችኋለች። እኔ ነኝ ያስተማርኳት። እሺ እንዳትሏት።